አረንጓዴው ቢጫ ሲሆን፦ ስለ እርሻና ስለ አዲስ ሰፈር የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ባለፈው ሰሞን ስለ ከተማ መስፋት ሁለት አንቀጽ ጣል አድርጌ ነበር። ሁለት አንቀጽ ብቻ። የመጣው ደብዳቤ ግን እስካሁን አንብቤ አልጨረስኩትም። በፕላን ካርታ ላይ ብዙ ጊዜ እርሻ አረንጓዴ፣ መኖሪያ ደግሞ ቢጫ ይቀባል። አንድ ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ አረንጓዴውን ቢጫ ሲያደርገው የአንዱ ቤት ይሞላል፣ የሌላው ይናጋል። ስለዚህ ብትጽፉ አይገርመኝም።

የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት የአገራችሁን ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

«ከቤታችን ጀርባ ያለው ማሳ ዞኑ ተቀየረ ተባለ። ተሸጠ ማለት ነው? ተወሰደ ማለት ነው? ግራ ገብቶናል።»

ሁለቱም አይደለም። ዞን ተቀየረ ማለት በመሬቱ ላይ ምን መሥራት እንደሚፈቀድ ተቀየረ ማለት ነው። ባለይዞታው ያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነገ ተነስቶ እህል ቢዘራበትም ከልካይ የለውም። መሸጥ ለብቻው ነው። በካሳ መወሰድም ለብቻው ነው። ማሳውን ሸንሽኖ ለቤት ቦታ ማዘጋጀትም የራሱ ፈቃድ አለው።

«ታዲያ ወረቀት ብቻ ነዋ» እንዳትሉ። በ1926 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ክርክር ፈርዶ ነበር። ክሊቭላንድ ከተማ ዳር ዩክሊድ የምትባል መንደር ነበረች። አምብለር የሚባል የመሬት ኩባንያ እዚያ 68 ኤከር፣ ወደ 27 ሄክታር ማለት ነው፣ ይዞ ነበር። የኩባንያው አቤቱታ አጭር ነው፦ መሬቴ ለኢንዱስትሪ ቢፈቀድ ኤከሩ 10,000 ዶላር ያወጣል፣ ለመኖሪያ ብቻ ካላችሁኝ ግን ከ2,500 አያልፍም። ፍርድ ቤቱ ለመንደሯ ፈረደ። እኔን የሚገርመኝ ግን ቁጥሩ ነው። አፈሩ ያው አፈር፣ ቦታውም ያው ቦታ ነው። ዋጋውን አራት እጥፍ የሚያደርገው ወይም በአራት የሚያካፍለው ካርታው ላይ ያለው ቀለም ነው። ይቺን ያዙልኝ። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚዞሩት በሷ ላይ ነው።

«62 ዓመቴ ነው። ዕድሜዬን ያረስኩት መሬት የከተማው ጫፍ ደርሶበታል። አንድ አልሚ ውል ይዞ መጣ። አሁን ትንሽ ገንዘብ ይሰጠኛል፣ ዞኑ ሲቀየር ደግሞ በተስማማነው ዋጋ ይገዛኛል። ልጆቼ ፈርም ይሉኛል። ልፈርም?»

አባቴ፣ ዛሬ አይፈርሙ። አልሚው አጭበርባሪ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለ ውል በብዙ አገር የተለመደ ነው። እሱ የሚገዛው መሬቱን ሳይሆን የመግዛት መብቱን ነው። ዞኑ ካልተቀየረ ትንሿን ገንዘብ ትቶ ይሄዳል። ከተቀየረ ግን ትልቁን ዋጋ ማን እንደሚወስድ የሚወስነው ዛሬ የሚፈርሙት ወረቀት ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ሳያዩ ብዕር አያንሱ። መጀመሪያ፣ ውሉ ስንት ዓመት ያስርዎታል? ሁለት ዓመት አንድ ነገር ነው። እሱ በፈለገ ቁጥር የሚያራዝመው አሥር ዓመት ከሆነ ግን መሬትዎ ታግቷል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ዋጋው ዛሬ ነው የሚቆረጠው ወይስ ዞኑ በተቀየረበት ቀን በገለልተኛ ገማች? ሁለተኛው ይሻልዎታል። ሦስተኛ፣ እስከዚያው ማረስ ይችላሉ? ውሉ ዝም ካለ ይጻፍ። አራተኛ፣ የመሐንዲሱን፣ የጠበቃውንና የግብሩን ወጪ ማን ይችላል?

አንድ ሌላ ደብዳቤ ከእርስዎ ጥያቄ ጋር አብሬ አነበብኩት። የአንዲት ሴት አባት መሬቱን በእርሻ ዋጋ ሸጠ። ገዢው «እርሻ ላስፋፋ ነው» ብሎ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ማሳው ቢጫ ሆነና በብዙ እጥፍ ተሸጠ። «አባቴ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አይሄድም» ትላለች። ከዚህ የሚያድን አንቀጽ አለ። በእንግሊዝ ከተማ ዳር ላይ መሬት የሚሸጡ ገበሬዎች በሽያጩ ውል ያስገቡታል፦ በሚቀጥሉት ይህን ያህል ዓመታት ውስጥ መሬቱ ለቤት ከተፈቀደ፣ ከዋጋው ጭማሪ ይህን ያህሉ ለሻጩ ይከፈላል። አንቀጹ የሚጠቅመው ግን ከመሸጡ በፊት ከተጻፈ ብቻ ነው።

ጎረቤቶችዎም አርሶ አደር ከሆኑ ደግሞ ለየብቻ አትደራደሩ። በሕንድ ፑኔ ከተማ ዳር ከ120 በላይ ገበሬ ቤተሰቦች ከ160 ሄክታር የሚበልጥ መሬታቸውን አንድ ላይ አደረጉ። ራሳቸው ኩባንያ አቋቋሙ። እያንዳንዱ በመሬቱ ልክ ድርሻ ያዘ፣ ማጋርፓታ የሚባለውን ሰፈርም ገነቡ። መሬቱ እጃቸው ላይ እንዳለ አልሚ ሆኑ። ጃፓንና ጀርመን ውስጥ ደግሞ ባለመሬቶች ማሳቸውን ያዋጡና መንገድና መናፈሻ ይወጣለታል። ከዚያ ለያንዳንዱ አነስ ያለ፣ ግን መንገድና ውሃ የገባለት ቦታ ይመለስለታል። ስፋቱ ቢቀንስም ዋጋው ይበልጣል። ሁሉም ቦታ አይሳካም። አንድ ግትር ጎረቤት ሥራውን ሁሉ ሊያቆመው ይችላል። ቢሆንም አልሚው ከ30 ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አነጋገሩ ይለወጣል።

መሬት የመንግሥት በሆነበት ወይም በካሳ በሚወሰድበት አገር ከሆኑ ጥያቄው ይቀየራል። ካሳው የሚሰላው በእርሻ ዋጋ ነው ወይስ ነገ በሚኖረው ዋጋ? የሚገመተውስ በየትኛው ቀን ነው? ሁሉንም በጽሑፍ ያስመልሱ።

«ጭማሪውን የፈጠረው ገበሬውም አልሚውም ካልሆኑ፣ መንግሥት ሙሉ በሙሉ ለምን አይወስደውም?»

ተሞክሯል። እንግሊዝ በ1947 ባወጣችው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ መሬት በማልማት የሚመጣውን ጭማሪ መቶ በመቶ መንግሥት እንዲወስድ ደነገገች። ባለመሬቱ ምንም ካልተረፈው ለምን ይሸጣል? መሬቱን ይዞ ተቀመጠ፣ ገበያው ደረቀ። ክፍያው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተሰረዘ። ኮሎምቢያ ከዚህ የተሻለ መንገድ ይዛለች። በ1997 ሕጓ ከተሞች ከጭማሪው ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲወስዱ ፈቀደች። ለእኔ ይሄ ልክ ይመስለኛል። ግማሹ ገደማ ለመንገዱና ለቧንቧው ይዋል፣ የቀረው ለመሸጥ የሚያነሳሳ ይሁን።

«ከከተማ ወጣ ብዬ ቤት ገዛሁ። ጎረቤቴ ከብት ያረባል። ሽታው አላስቀምጥ አለኝ። የት ልክሰስ?»

ወንድሜ፣ ላሞቹ ቀድመውህ ነው የመጡት። በአሜሪካ 50ዎቹም ግዛቶች ደንቡን አክብሮ የሚያርስን ገበሬ ኋላ የመጣ ጎረቤት «ሸተተኝ፣ ጮኸብኝ» ብሎ በቀላሉ እንዳይከሰው የሚከላከሉ ሕጎች አሏቸው። መጀመሪያ በሩን አንኳኳና ፍግ የሚበትንበትን ቀን እንዲነግርህ ጠይቀው። ብዙዎቹ ይነግሩሃል።

«እርሻ እርሻ ትላላችሁ። እኛ ወጣቶቹስ? ከደሞዜ ግማሹን የሚበላው ኪራይ ነው። ቤት ካልተሠራ የት እንግባ?»

የተናደደ ደብዳቤ ነው፣ እውነትም አለበት። ቤት ሳይኖረው «ማሳው ያምራል» ተብሎ የሚነገረው ሰው ቢቆጣ አልፈርድበትም። ከተማ ያድጋል። የሚያድገውም የሆነ መሬት ላይ ነው። ክርክሩ ስለ ስንት ሄክታርና ስለ የትኛው ሄክታር ሲሆን ነው ዋጋ ያለው።

እስቲ አስላው። 400 ቤት ያስፈልጋል እንበል። በሄክታር 10 ቤት ከሠራህ 40 ሄክታር ትበላለህ። በሄክታር 40 ቤት ከሠራህ 10 ሄክታር ይበቃሃል። ለ40 ቤት ፎቅ መቆለል የግድ አይደለም። ተያይዘው የተሠሩ ባለ ሁለት ወለል ቤቶች ያደርሱሃል። አብዛኛው አዲስ ሰፈር የሚታቀደው ግን ለአሥሩ ነው፤ ገዢውም ሰፊ ግቢ ስለሚወድ። ከዚያ መንገዱና ቧንቧው በአራት እጥፍ መሬት ላይ ይዘረጋል። ወጪው የአንተው ክፍያ ላይ ይደመራል። ገበሬውም አንተም በአንድ ፕላን ተጎዳችሁ ማለት ነው።

የትኛው ሄክታር ለሚለው፣ ከተሞች ብዙ ጊዜ የተቆረቆሩት ጥሩ አፈርና ውሃ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ሲሰፉ የሚበሉት ምርጡን ነው። በ2017 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት እስከ 2030 ከዓለም የእርሻ መሬት 2 በመቶ ገደማው በከተማ መስፋት እንደሚጠፋ ገምቷል። 2 በመቶ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ይኸው መሬት ከዓለም አማካይ 1.77 እጥፍ ምርታማ ነው።

የአሜሪካዋ የኦሪገን ግዛት መፍትሔ ደስ ይለኛል። በ1973 በወጣው ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ከተማ ዙሪያውን መስመር ያሰምራል። ውስጡ ለ20 ዓመት የሚበቃ የግንባታ መሬት መኖር አለበት። ከመስመሩ ውጭ ያለው እርሻ ሆኖ ይቀጥላል። ለሕጉ ግንባር ቀደም ሆነው ከተከራከሩት አንዱ የወተት ላም አርቢ የሆነ የምክር ቤት አባል ነበር። መስመሩ ውስጥ በቂ ቤት ካልተፈቀደ ግን ኪራይ ይሰቅላል። ይህን የሚሉት ተቺዎቹ ትክክል ናቸው። ስለዚህ አንተ መጮህ ያለብህ መስመሩ ይጥፋ ብለህ ሳይሆን ውስጡ ይጠጋጋ ብለህ ነው።

«አዲስ ቤት ሲበዛ ከተማው ግብር ይሰበስባል፣ ሁላችንም እንጠቀማለን ይላሉ። እውነት ነው?»

ገቢው እውነት ነው። ወጪውን ማንም አይነግራችሁም እንጂ። በአሜሪካ በርካታ ወረዳዎች ላይ የተሠሩ ስሌቶች እንዳሳዩት፣ መኖሪያ ሰፈር አንድ ዶላር ግብር ሲያስገባ ከአንድ ዶላር በላይ አገልግሎት ይወስዳል። እርሻ ደግሞ ከሚያስገባው ግማሹን እንኳ አይወስድም። ላም ትምህርት ቤት አትገባማ! የየአገሩ የግብር ሥርዓት ይለያያል። ግን በስብሰባ ላይ «የ20 ዓመት ጥገናውስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ቤታችን ተዳፋት ሥር ነው። ከላያችን ያለው ማሳ ላይ 12 ሄክታር ሰፈር ሊሠራ ነው። የጎርፉ ነገር አሳሰበን።»

ሊያሳስባችሁ ይገባል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። 30 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ ዶፍ በ12 ሄክታር ላይ 3,600 ሜትር ኩብ ይሆናል። ማሳ ከዚያ ብዙውን ይመጥጣል፣ የቀረውንም ቀስ ብሎ ይለቃል። ጣሪያና አስፋልት ግን ሁሉንም ወዲያው ወደ እናንተ ይሰደዋል። የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ከግንባታው በኋላ የሚወርደው ውሃ ከግንባታው በፊት ከሚወርደው በፍጥነትም በመጠንም እንዳይበልጥ በፈቃዱ ላይ ይጻፍ። ማጠራቀሚያ ኩሬ ይኑር፣ ማን እንደሚጠርገውም ይታወቅ። ካልተጠረገ በጥቂት ዓመት በደለል ይሞላል። ከአሁኑ የቦዩን ፎቶ ከነቀኑ አንሱ። በኋላ «ድሮም ይጎርፍ ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም።

«አንዴ ቤት ከተሠራበት ተመልሶ እርሻ ይሆናል?»

አይሆንም ብላችሁ አስቡት። የላዩ አፈር ተገፎ ይሄዳል፣ የታችኛው በማሽን ይጠቀጠቃል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ለም አፈር እስኪፈጠር መቶዎች ዓመታት ይፈጃል።

«የሕዝብ አስተያየት መድረክ ተጠርቷል። ሦስት ደቂቃ ይሰጡናል። ምን ልበል?»

መጀመሪያ መድረኩ የተጠራው ለየትኛው ውሳኔ እንደሆነ አጣሪ። እኔ ራሴ አንዴ ንግግር አዘጋጅቼ ሄድኩ። ሦስት ቀን ነው የለፋሁበት። ሰዎቹ በጨዋነት ሰሙኝና «የዞኑ ለውጥ ባለፈው ዓመት ጸድቋል፣ የዛሬው ስለ መንገዱ ስፋት ብቻ ነው» አሉኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል እኔን ነው። አጠቃላይ ፕላኑ ሲከለስ መሄድ ነበረብኝ። ያኔ አዳራሹ ባዶ ነበር አሉ።

በሦስቱ ደቂቃ «ሰፈራችን ውበቱ ይጠፋል» አትበዪ። ያን 15 ሰው ይለዋል። ስለ አንድ ነገር ብቻ፣ በቁጥር ተናገሪ። 500 ቤት ማለት አንድ ቤት በአራት ሰው ቢታሰብ 2,000 ሰው ነው። አንድ ሰው በቀን 100 ሊትር ቢጠቀም 200 ሜትር ኩብ ውሃ ያስፈልጋል። «ከየት ነው የሚመጣው?» በያቸው። «ወደፊት ይታያል» ካሉሽ፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ውሃው፣ ትምህርት ቤቱና መንገዱ ከስንተኛው ቤት በፊት እንደሚያልቁ የፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ ሆኖ እንዲጻፍ ጠይቂ። ቀለሙ ከተቀየረ በኋላ ማንም ቃል የመግባት ግዴታ የለበትም።

የተናገርሽውን በጽሑፍም አስገቢ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቺ። እኔ ማኅተም ሳላስመታ ነው የወጣሁት።