የሚሽን ጉዞና የጭቃ ቤት

ጥያቄ፦ በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች አገልግሎት አስተባባሪ ነኝ። በመጪው ሐምሌ አሥራ አራት ሰዎች ሆነን ወደ ቡታጅራ አካባቢ በመሄድ፣ ባለቤታቸው ለሞቱባቸውና አራት ልጆች ለሚያሳድጉ እናት በ12 ቀን ውስጥ የጭቃ ቤት ልንሠራላቸው አቅደናል። እያንዳንዱ ተጓዥ ትኬቱን ጨምሮ 2,800 ዶላር ያወጣል። አንድ ሽማግሌያችን ግን «ሚስማር መትተው የማያውቁ ልጆች ይዛችሁ ከምትሄዱ ገንዘቡን ብትልኩት ስንት ቤት ይሠራ ነበር» አሉን። እውነት አላቸው?

መልስ፦ በሒሳቡ እውነት አላቸው። የ14 ሰው ወጪ 39,200 ዶላር ነው፤ ከዚህም ብዙው የሚውለው ለትኬት፣ ለማደሪያና ለመኪና ኪራይ ነው። ይሁን እንጂ ልጁን ለመላክ 2,800 ዶላር የሚከፍል ወላጅ፣ ጉዞው ቢቀር ያንኑ ገንዘብ ለማያውቋቸው እናት ይልካል ብዬ አላምንም። ስለዚህ ሂዱ እላለሁ። እኔን ያሳሰበኝ ሐምሌ ነው።

እናንተ ሰመር የምትሉት እዚህ ክረምት ነው። የቤት ጭቃ አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተደባልቆ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ በእግር እየተረገጠ ለቀናት ከቦካ በኋላ ነው ለምርግ የሚደርሰው፤ ተመርጎም ፀሐይና ነፋስ ካላገኘ አይደርቅም፤ ደርቆ ሲሰነጠቅ ደግሞ ስንጥቁን የሚደፍን ሁለተኛ ልስን ይፈልጋል። ተማሪ ሳለሁ ከአንድ ማኅበር ጋር በነሐሴ የአንዲት አሮጊት ቤት ለመምረግ ሄደን ነበር። «ልጆቼ፣ ይሄ ጭቃ ገና አልቦካም እኮ» ሲሉን፣ የመመለሻ አውቶቡሳችን ቅዳሜ ስለነበር ሰምተን እንዳልሰማን ሆንን። በመስከረም ስንጠይቃቸው የጓዳው ግድግዳ ምርግ ረግፎ፣ በማገሩ መካከል ጎረቤት ይታይ ነበር። ቡናውን ግን አፍልተው ጠበቁን፤ እስካሁን የሚያሳፍረኝ እርሱ ነው።

ጉዞውን ወደ አሜሪካው የገና ዕረፍት ብታዛውሩት በታኅሣሥ ደረቅ ወቅት ትደርሳላችሁ። ከዚያ በፊት የአካባቢው አናጺ በቀን ዋጋው ተከፍሎት ቋሚውን ያቁም፣ ማገሩን ይምታ፣ ጣሪያውንም ይክደን፤ ከጉዞው ገንዘብ ላይ አስቀድማችሁ ላኩለት። ጭቃውም እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት ይቦካ። ልምድ የሌለው ሰው ቋሚ ሊያቆም ቢሞክር ቤቱ ይጣመማል፤ ጭቃ ለመርገጥ፣ ለማቀበልና ለመምረግ ግን ከሁሉ በላይ የሚፈለገው የሰው ብዛት ነው፤ አገራችን ምርግን በደቦ የምትሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። አሥራ አራቱ ወጣቶች ከጎረቤቱ ጋር ሱሪያቸውን ሰብስበው ቢገቡበት ሽማግሌያችሁ ካሰቡት በላይ ይጠቅማሉ። የሁለተኛውን ልስን ወጪ ግን ከመመለሳችሁ በፊት ለአናጺው ወይም እናቲቱ ለሚያምኑት ሰው ትታችሁ ሂዱ፤ በ12 ቀን አይደርስላችሁም።

በዕቃ ላይ አትቆጥቡ። የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራልና፣ በርካሽነቱ ተማርካችሁ ባለ 35 ከመግዛት ባለ 30 ወይም ባለ 28 ግዙ። መሬት የሚገባው የቋሚው እግር ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባ፤ የግድግዳው ሥር በድንጋይ ከፍ ይበል፤ የጣሪያው ክፈፍም ዝናቡን ከግድግዳው አርቆ የሚጥል ይሁን።

እናቲቱና ትልልቆቹ ልጆቻቸውም በሥራው ይግቡ። እ.ኤ.አ. በ1976 በጆርጂያ፣ አሜሪካ የተመሠረተው ሀቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ቤት የሚሠራለት ቤተሰብ ራሱ ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር እንዲሠራ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በሩ ወደየት ይዙር፣ ማድቤቱ የት ይሁን የሚለውን የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው፤ አንድ መስኮት ይበቃኛል ካሉም ይብቃቸው።

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ግን የቦታውን ነገር አጣሩ። የገጠር ይዞታ ከሆነ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በስማቸው መሆኑን ተመልከቱ፤ በሟች ባላቸው ወይም በባላቸው ወንድም ስም ከሆነ፣ ቤቱ ካማረ በኋላ ይገባኛል ባይ ሊነሳ ይችላል። ከተማ ውስጥ ሆነው በቀበሌ ቤት የሚኖሩ ከሆነም ያለ ፈቃድ አፍርሶ መሥራት አይቻልም። ይህን ለማስጨረስ አንዳንዴ ወራት ስለሚወስድ፣ ለታኅሣሥ ከዛሬ ጀምሮ በአካባቢው ያለ ታማኝ ሰው ጉዳዩ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ይመላለስ።