የድሮ ቨርዥኖችን በባች ፋይል ማጥፋት፦ ጠይቁኝ

ብዙ ኮምፒውተር የምታስተዳድሩ ታውቁታላችሁ፤ አዲሱ ቨርዥን ይጫናል፣ የድሮው ግን ሳይነቀል አብሮ ይቀራል። ጃቫ ለዚህ ዋናው ምሳሌ ነው። የቀረው ቨርዥን ደግሞ የታወቀ የደህንነት ክፍተቱን እንደያዘ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ በባች ፋይል (ዊንዶውስ ተራ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) ስለማጥፋት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ትእዛዞቹን እዚህ በአነባበባቸው እጽፋቸዋለሁ፣ ፋይሉ ውስጥ በላቲን ፊደል አስገቧቸው።

ጥያቄ፦ "ደብሊውኤምአይሲ ፕሮዳክት" የሚለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ፕሮግራምን በስም ፈልጎ ያጠፋልኛል፣ ያውም በአንድ መስመር። ምን ችግር አለው?

አጭር መሆኑ ያጓጓል፣ ግን ተወው። ይህ ትእዛዝ ዝርዝር ለማውጣት ብቻ እንኳ በዊንዶውስ ኢንስቶለር (ኤምኤስአይ የሚባሉትን ፋይሎች በሚጭነው የዊንዶውስ ክፍል) የተጫነውን ሁሉ አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ የጎደለ ነገር ያገኘበትን ደግሞ ልጠግን ብሎ ይነሳል። ማሽኑ ይንቀራፈፋል፣ የኢቨንት ሎጉም (ዊንዶውስ የሆነውን የሚጽፍበት መዝገብ) ቁጥሩ 1035 በሆነ መልእክት ይሞላል። ማይክሮሶፍትም ራሱ መሣሪያውን ከዊንዶውስ እያስወጣው ስለሆነ አዳዲስ የዊንዶውስ 11 ማሽኖች ላይ ላታገኘው ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የተጫነውን ከየት ልይ?

ከሬጅስትሪ፣ ማለትም ዊንዶውስ ቅንብሮቹን ከሚያስቀምጥበት መዝገብ። ኤችኬኤልኤም (የመላው ማሽን ቅንብር ያለበት ክፍል) ሥር ሶፍትዌር፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ከረንትቨርዥን እያልክ አንኢንስቶል የሚለው ጋ ትደርሳለህ። በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ የ32 ቢት ፕሮግራሞች የሚመዘገቡት ለብቻ ዋው6432ኖድ ሥር ነው፣ ሁለቱንም ቦታ ፈልግ። ሬጅስትሪ የሚፈልገው "ሬግ ኩዌሪ" ከነ"/ኤስ" ይበቃሃል። ስሙ፣ ቨርዥኑና የማጥፊያው ትእዛዝ እዚያው አሉ።

የማጥፊያውን ትእዛዝ ግን እንዳለ ገልብጠህ አትጠቀም። የኤምኤስአይ ፕሮግራም ከሆነ ብዙ ጊዜ "/አይ" ተብሎ ነው የተጻፈው፤ እሱ ደግሞ የመጠገኛ መስኮት ከፍቶ ሰው እስኪነካው ይጠብቃል። በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ያለውን ኮድ (የፕሮግራሙ መለያ ነው) ብቻ ውሰድና የዊንዶውስ ኢንስቶለር ትእዛዝ በሆነው በኤምኤስአይኤግዜክ በ"/ኤክስ" አጥፋው፣ "/ኪውኤን" (ያለ መስኮት እንዲሠራ) እና "/ኖሪስታርት" ጨምርበት።

ጥያቄ፦ "ከዚህ ቨርዥን በታች ያለውን ሁሉ አጥፋ" ማለት እችላለሁ?

ትችያለሽ፣ ግን ባች በዚህ በኩል ደካማ ነው። ነጥብ ያለበትን ቨርዥን እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ነው የሚያወዳድረው፤ 1 ከ9 ስለሚቀድም 10.2 ከ9.1 ያነሰ ይመስለዋል። በነጥቡ ከፋፍለሽ ክፍል በክፍል ማወዳደር ይቻላል፣ ሆኖም 08 ዓይነት ቁጥር ሲመጣ እንደገና ይበላሻል፣ ምክንያቱም በዜሮ የሚጀምር ቁጥር በስምንት ቤት እንደተጻፈ ይቆጠራል። እኔ የምመክርሽ የሚጠፉትን ኮዶች ዘርዝረሽ እነሱን ብቻ እንድታጠፊ ነው። ዝርዝሩን ማዘጋጀት ያሰለቻል፣ ግን ያልታሰበ ፕሮግራም አብሮ አይሄድም።

ጥያቄ፦ ኤምኤስአይ ያልሆኑትስ?

እንደ ሠራቸው ኢንስቶለር ይለያያል። በኢኖ ሴትአፕ የተሠሩት "/ቬሪሳይለንት" እና "/ኖሪስታርት" ይቀበላሉ። ኤንኤስአይኤስ በሚባለው የተሠሩት ደግሞ "/ኤስ" ነው፣ ኤሷ የግድ ትልቋ ፊደል መሆን አለባት። ይሄኛው አጥፊ ራሱን ወደ ቴምፕ (ጊዜያዊ ፎልደር) ገልብጦ ከዚያ ስለሚሠራ ስክሪፕትህ ሳይጠብቀው ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል፤ "አለቀ" ብለህ ወዲያው አዲሱን መጫን አትጀምር።

ጥያቄ፦ ስክሪፕቴ ሁሌ "ተሳክቷል" ይላል፣ ፕሮግራሙ ግን እዚያው ነው። ለምን?

ይህን ጥያቄ ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል፣ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። "ተሳክቷል" የምትለዋ ኤኮ (ጽሑፍ የምታሳየው ትእዛዝ) ማንም ሳይጠይቃት ነው የምትታተመው። መጠየቅ ያለብህ ኤረርሌቭልን (የመጨረሻው ትእዛዝ የመለሰውን የውጤት ቁጥር) ነው። እሱንም በቅንፍ ውስጥ፣ ለምሳሌ ትእዛዝ በሚደጋግመው በፎር ሉፕ ውስጥ፣ በፐርሰንት ምልክት ካነበብከው የምታገኘው ሉፑ ከመጀመሩ በፊት የነበረውን ዋጋ ነው። "ሴትሎካል ኢኔብልዲሌይድኤክስፓንሽን" አድርግና በቃለ አጋኖ አንብበው።

ከዚያ ቁጥሮቹን ለያቸው። 0 ተሳክቷል ማለት ነው። 3010ም ተሳክቷል፣ ሪስታርት ብቻ ይቀረዋል። 1605 ያ ኮድ ማሽኑ ላይ የለም ማለት ነው፣ ለማጥፋት ሥራ ይህም መልካም ዜና ነው። 1618 ሌላ ጭነት እየተካሄደ ስለሆነ ቆይተህ ድገመው። 1603 ሲመጣ ግን ሎጉን ሳታነብ አትለፍ፤ "/ኤል*ቪ" ብለህ ሎግ የምታስይዘው ለዚህ ነው። "ኢፍ ኤረርሌቭል 1" ደግሞ 1 እና ከዚያ በላይ ማለት ስለሆነ 3010ን ሳይቀር እንደ ስህተት ይቆጥርብሃል። በመጨረሻ ሬጅስትሪውን እንደገና ፈልግ፤ ስሙ ከሌለ ያኔ ጠፍቷል በል።

ጥያቄ፦ በግሩፕ ፖሊሲ (ብዙ ማሽን ከአንድ ቦታ በሚታዘዝበት) ስልከው በሎጎን (ተጠቃሚው ሲገባ) ይሁን በስታርታፕ (ማሽኑ ሲነሳ)?

በስታርታፕ። እዚያ በሲስተም መብት ይሠራል። የሎጎን ስክሪፕት የሚሠራው በተጠቃሚው መብት ስለሆነ አድሚን ካልሆነ አይሳካም። ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የተጫኑት ግን ኤችኬሲዩ (የተጠቃሚው የራሱ የሬጅስትሪ ክፍል) ውስጥ ስለሚመዘገቡ ከሲስተም አይታዩም፣ ለእነሱ ሎጎን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሙ ተከፍቶ ቢሆንስ? ታስክኪልን (የተከፈተ ፕሮግራም የሚዘጋውን ትእዛዝ) ልጠቀም?

በ"/ኤፍ" (በግድ) ከገደልሽው ሰውዬው ያላስቀመጠው ሥራ አብሮ ይጠፋል፤ የሰው ድካም ነው፣ እባክሽ ተጠንቀቂ። በስታርታፕ ከሠራ ብዙ ጊዜ ገና ማንም ስለማይገባ ጥያቄውም አይነሳም።

ጥያቄ፦ ሁሉም ማሽን ላይ ከመልቀቄ በፊት እንዴት ልሞክረው?

ከእያንዳንዱ የማጥፊያ መስመር ፊት ኤኮ አስቀምጥና አንድ ማሽን ላይ አስኪደው። ምን ሊያጠፋ እንደነበር ይጽፍልሃል፣ ምንም አይነካም። ዝርዝሩ ልክ ከሆነ ኤኮውን አንሳ፣ መጀመሪያ ጥቂት ማሽኖች ላይ ልቀቀው፣ ሎጎቹን አይተህ ወደቀሩት ሂድ።