ወፈር ያለች ነፍሰ ጡር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስለ ውፍረትና እርግዝና ከጠየቃችሁኝ ውስጥ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር፦ ወፍራም ሆና ጤነኛ ልጅ የታቀፈች ሴት ሞልታለች። ውፍረት ክትትሉን ይለውጠዋል፤ ምርመራው ቀደም ይላል፣ በዛም ይላል። ስለዚህ አፍራችሁ ከክትትል አትቅሩ።

ጥያቄ፦ የሁለት ወር እርጉዝ ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ከማርገዜ በፊት ክብደቴ 82 ኪሎ ነበር። ሰው ሁሉ «አማረብሽ፣ ተመችቶሻል» ይለኛል። ሐኪሟ ግን ውፍረትሽ ከመጠን አልፏል አለችኝ። ማንን ልስማ?

ሐኪሟን። 82ን ለ1.6 አካፍዪው፣ የመጣውን ደግሞ እንደገና ለ1.6። 32 ይሆናል። ቢኤምአይ የሚሉት ይሄ ነው፤ 30 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። እኛ አገር ውፍረት የድሎት ምልክት ስለሆነ ሰው የሚልሽ ለሙገሳ ነው፤ አትቀየሚ። በእርግዝናሽ ሙሉ እንድትጨምሪ የሚመከረው ከ5 እስከ 9 ኪሎ ነው። መካከለኛ ክብደት ያላት ሴት ከ11.5 እስከ 16 ትጨምራለች። አሁን ግን ለመክሳት ብለሽ ምግብ እንዳትተዪ።

ጥያቄ፦ ልጄ እርጉዝ ናት። ለሁለት ነው የምትበላው ብዬ ጠዋት ገንፎ በቅቤ፣ ማታ አጥሚት እሰጣታለሁ። ቀንሺ ብለዋታል አሉ። ልጁ አይጎዳም?

አይጎዳም እናቴ፣ አይስጉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ተጨማሪ ምግብ አያስፈልጋትም። ከዚያ በኋላም ጭማሪው በቀን አንድ ቀለል ያለ መክሰስ ቢሆን ነው። ገንፎውን አይከልክሏት፤ መጠኑንና ቅቤውን ቀነስ ያድርጉት። አጥሚቱ ውስጥ ስኳር አያብዙ። ለስላሳ መጠጥ ቢቀርላት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። እንቁላል፣ ምስር፣ ጎመን፣ እርጎ እንደ ልብ ትብላ። እጅዎ ለልጅዎ እንደማይሰስት አውቃለሁ፤ ከእራት በኋላ አብረዋት ወክ ቢያደርጉ ደግሞ ትልቅ ውለታ ነው።

ጥያቄ፦ ክትትል በሄድኩ ቁጥር ግፊትሽ ከፍ ብሏል ይሉኛል። ቤት ስለካው ደህና ነው። ማን ነው የተሳሳተው?

ይሄን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ክንድሽ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ ልብ ብለሽ አይተሽው ታውቂያለሽ? ክንድሽ ወፍሮ ጨርቁ ከጠበበ፣ ግፊትሽ ከእውነተኛው በላይ ከፍ ብሎ ይነበባል። ሲጠመጠም ጫፍና ጫፉ አልገናኝ ካለ፣ ወይም ሲነፋ እየተላቀቀ ካስቸገረ፣ «ትልቁ የለም ወይ?» በዪ። መብትሽ ነው። ተቀምጠሽ፣ ጀርባሽን አስደግፈሽ፣ ለ5 ደቂቃ አርፈሽ ተለኪ። የቤትሽን መለኪያም ይዘሽ ሂጂና አስተያዪው፤ የተሳሳተው እሱ ሊሆን ይችላል።

በትክክለኛው ጨርቅ ተለክቶም ከ20ኛው ሳምንት በኋላ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ቀልድ የለም። በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት፣ በተለይ ኩላሊትንና ጉበትን ጭምር ሊጎዳ የሚችለው ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው፣ ወፈር ባሉ ሴቶች ላይ ይበዛል። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን በታች በቀኝ በኩል ሕመም፣ ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት ከመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ። ሌላም ተጋላጭነት ላለባቸው፣ ለምሳሌ የመጀመሪያ እርግዝናቸው ለሆነ፣ ሐኪም ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ በትንሽ መጠን አስፕሪን ሊያዝ ይችላል። በራስሽ ገዝተሽ አትጀምሪ፤ ግን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ በዘሬ ስኳር የለም። ያንን የሚያቅለሸልሽ ጣፋጭ ውሃ ለምን አጠጡኝ?

የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች፣ የደም ስኳርን የሚያወርደው ኢንሱሊን እንደ ልቡ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ውፍረትም የራሱን ይጨምርበታል። ለዚህ ነው ስኳር የማያውቀው ቤት የእርግዝና ስኳር የሚገባው። የጠጣሽው 75 ግራም ግሉኮስ ነው። የደም ስኳርሽ (በሚሊግራም በዴሲሊትር) ሳይበሉ 92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153፤ ከሦስቱ አንዱ ላይ እንኳ ከደረሰ ስኳር አለ ይባላል። ምርመራው የሚደረገው ከ24 እስከ 28ኛው ሳምንት ነው፤ ወፈር ላለች ሴት ግን ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ቢታይ ይመረጣል። ስኳሩ ካልተያዘ ልጁ በጣም ይገዝፋል። ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው ሊያዝ ይችላል፤ አዋላጅን ከሚያስደነግጡ ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ሲወለድም የራሱ ስኳር ሊወርድበት ይችላል። ብዙ ሴቶች በምግብና በእንቅስቃሴ ብቻ ይቆጣጠሩታል።

ጥያቄ፦ አልትራሳውንድ ላይ «በደንብ አይታይም፣ ሌላ ቀን ነይ» አሉኝ። ልጄ ችግር አለበት?

እሱ ብቻውን የችግር ምልክት አይደለም። አልትራሳውንድ የሚያየው በድምፅ ሞገድ ነው፤ የሆድ ስብ ድምፁን ያዳክመዋል፣ ምስሉም ይደበዝዛል። በቀጠሮሽ ተመለሺ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ወፍራም ናት። ኦፕሬሽን ግድ ነው ማለት ነው?

አይደለም ወንድሜ። ዕድሉ ይጨምራል፣ ምጡም ረዘም ሊል ይችላል፤ በማህፀን የሚወልዱት ግን ብዙ ናቸው። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ቀድሞ ቢያያት ጥሩ ነው፤ ጀርባ ላይ የሚወጋውን ማደንዘዣ በጥድፊያ ቦታውን ፈልጎ መስጠት ያስቸግራል። ስለዚህ ኦፕሬሽንና ደም ያለበት ሆስፒታል እንድትወልድ ከአሁኑ አስቡበት። በኦፕሬሽን ከወለደች ቁስሏ እንዳያመረቅዝ ከሆድ እጥፋቱ ሥር ደረቅ ይሁን። ቶሎ ተነስታ ትራመድ፤ «አራስ አትንቀሳቀስም» የሚሉትን በትህትና እለፋቸው። ደም የሚረጋው ተኝቶ በመክረም ነው። አንድ እግሯ ብቻ ካበጠና ካመማት፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራት፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ለመክሳት ኦዘምፒክ እወጋለሁ፤ ዘንድሮ ማርገዝ እፈልጋለሁ።

ለማርገዝ ከማሰብሽ ቢያንስ 2 ወር ቀድሞ ይቁም፤ መድኃኒቱ ከሰውነት ለመውጣት ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ ወሊድ መከላከያ ተጠቀሚ፤ ክብደት ሲቀንስ ሳይታሰብ ማርገዝ አለ። ስኳር ኖሮብሽ ከሆነ የምትወጊው፣ ከማቆምሽ በፊት ሐኪምሽ ምትክ ይስጥሽ። ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን ግን ዛሬውኑ ጀምሪ፤ የልጁ ህብለ ሰረሰር በደንብ እንዲዘጋ ይረዳል። የልጁ ህብለ ሰረሰር የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ4 ሳምንት ገደማ ነው፤ ያኔ ብዙዋ ሴት ማርገዟን እንኳ አላወቀችም። እንግሊዝ አገር ቢኤምአይዋ 30 እና ከዚያ በላይ ለሆነች ቀደም ሲል በቀን 5 ሚሊግራም ይታዘዝ ነበር፣ ከተለመደው 400 ማይክሮግራም በጣም ይበልጣል። የአንቺን መጠን ሐኪምሽ ይወስን።

ጥያቄ፦ ጾሙን ብጾም ውፍረቱን አይቀንስልኝም?

ቀኑን ሙሉ ሳትበዪ ውለሽ ማታ ዳቦና ፓስታ ከሆነ፣ እንኳን ሊቀንስ ይጨምራል። ስለ ጾሙ ከነፍስ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ስኳር ካለብሽ ለሐኪምሽም ንገሪ።

ጥያቄ፦ ወልጄ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ወተቴ አልመጣም። በውፍረቴ ነው?

ሊሆን ይችላል፣ ወፈር ባሉ እናቶች ወተቱ ዘግየት ይላል። እንገሩ ግን አለ፤ እሱኑ ቶሎ ቶሎ አጥቢው፣ በቀን 8 ጊዜና ከዚያ በላይ። ጡትሽ ትልቅ ከሆነ በጎንሽ ተኝተሽ ሞክሪ፣ ወይም ልጁን በብብትሽ ሥር አድርገሽ ያዢው። የቆርቆሮ ወተት ከመግዛትሽ በፊት አዋላጅ አያያዝሽን ትይልሽ። ሽንቱ ከቀነሰ፣ ወይም እንቅልፍ አብዝቶ ለመጥባት ካልነቃ ግን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።