ወሩ ተቀይሮ ዓመቱ ሲረሳ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሲቪዋን በቴሌግራም ላከችልኝና «ጋሼ፣ አንድ ገጽ ይበቃል ወይስ ሁለት ላድርገው?» አለችኝ። ልመልስላት ስከፍተው ጁላይ 2022 ተመርቃ ኦክቶበር 2015 ሥራ ጀመረች ይላል። የገጹን ነገር ረሳሁት። ከሃያ ዓመት በላይ ያለፈው አንድ ከሰዓት በኋላ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

1996 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ፣ አንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ለአንድ የሂሳብ ሠራተኛ ቦታ ማስታወቂያ አውጥተን ከመቶ በላይ ካኪ ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሯል። የመጀመሪያውን ማጣራት የምሠራው እኔ ነኝ፤ አንዱ ወረቀት ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ አልቆይም። ከመሃል አንዱን አነሣሁ። ዲፕሎማ በሂሳብ አያያዝ፣ ጁላይ 2001። ከሥሩ የሥራ ልምድ፣ ከኦክቶበር 1994 እስከ አሁን። ሳይመረቅ ሰባት ዓመት ቀድሞ የሂሳብ ሠራተኛ ሆነ ማለት ነው። በቀይ እስክሪብቶ «ማስረጃው አይጣጣምም» ብዬ ጻፍኩበትና ከወደቁት ጋር አደረግኩት። አጭበርባሪ ነው ብዬም በልቤ ፈረድኩበት።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ልጁ ራሱ መጣ። ከደሴ ነው የመጣው። ለፈተና ያልተጠራበትን ምክንያት ሊጠይቅ ነው። ፋይሉን አወጣሁና ቀዩን ጽሑፍ አሳየሁት። «ከመመረቅህ በፊት ነው እንዴ የሠራኸው?» አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሰው እየሰማ። ዝም ብሎ ጽሑፉን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ከዚያ ወረቀቶቹን ገለጠና መጨረሻ ላይ የተያያዘውን ክብ ማኅተም ያረፈበትን የሥራ ልምድ ደብዳቤ አሳየኝ። «ከጥቅምት 1994 ዓ.ም. ጀምሮ» ይላል። «ጋሼ፣ ወሩን ወደ ፈረንጅ ቀየርኩት፣ ዓመቱን ግን ረሳሁት» አለኝ። ጥቅምት 1994 ማለት ኦክቶበር 2001 ነው። ልጁ በተመረቀ በሦስተኛው ወር ሥራ ይዟል። ደብዳቤው ሁለት ወር ሙሉ እኔው መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ አራት ቅጠል ባለመግለጤ አላየሁትም።

ቦታው ተይዞ ነበር። ይህንኑ ነገርኩት። ይቅርታ የምትል አንዲት ቃል ግን ከአፌ አልወጣችም። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነበር፤ የኔ ይበልጥ ነበር። ደውዬ ልጠይቀው እችል ነበር፤ ስልክ ቁጥሩ እዚያው ገጽ ላይ ተጽፏል።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ በአንድ ሲቪ ላይ ሁለት የዘመን አቆጣጠር አትቀላቅሉ። በእንግሊዝኛ ከጻፋችሁ ሁሉንም በፈረንጅ አድርጉት። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት ዓመት ትደምራላችሁ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት። ስማችሁም እንዲሁ ነው። ጸጋዬ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ዲፕሎማው ላይ አንድ ዓይነት፣ መታወቂያው ላይ ሌላ ዓይነት ከተጻፈ አንባቢው ሁለት ሰው ነው የሚያየው። በዲፕሎማው ሂዱ። ከሥራ ስትለቁ ደግሞ የልምድ ደብዳቤ ሳትይዙ አትውጡ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ገልጾ በነጻ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ከትዝታ የተጻፈ ቀን ይሳሳታል። የፊደል ግድፈትና የመሳሰለውን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ያን ጊዜ ሲቪ የሚጻፈው ኮምፒውተር ቤት ነበር። ጸሐፊዋ የቀደመውን ሰው ሲቪ ትከፍትና ስምና አድራሻ ቀይራ ታትማለች። በአንድ ቀን የሦስት አመልካቾች «ዓላማዬ» የሚለው ክፍል ቃል በቃል አንድ ሆኖ አግኝቻለሁ። ዛሬ ያንኑ ሥራ ስልካችሁ ይሠራላችኋል። የዛሬ ልጆች ከእኛ የበለጠ ታውቃላችሁ፤ ግን ትቸኩላላችሁ። አንዱን ሲቪ ሠላሳ ቦታ ትበትኑና መልስ ጠፋ ብላችሁ ታዝናላችሁ። የምታመለክቱበትን ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ አንብቡት። ሂሳብ የዘጋ ሰው የስንት ቅርንጫፍ ሂሳብ በስንት ቀን እንደዘጋ ይጻፍ፤ «ታታሪ ነኝ» የሚለውን ማንም ይጽፈዋል።

ለእህቴ ልጅ አንድ ገጽ ይበቃል አልኳት። ሆኖም ከቀጠርኳቸው ሁሉ ጎበዟ የሂሳብ ሠራተኛ አምስት ገጽ ነበር ያመጣችው፤ እያንዳንዱን መስመር አንብቤዋለሁ። በገጹ ነገር ዛሬም ሐሳቤ አልረጋም። የቀኑን ነገር ግን አጥብቄ ነገርኳት።

ዛሬ ጠዋት አስተካክላ መልሳ ላከችው። ኦክቶበር 2022 ይላል። የልምድ ደብዳቤውም አብሮ ተያይዟል፤ መጀመሪያ የገለጥኩት እሱን ነው።