መልስ፦ ጦር ስወረውር ትከሻዬን ያመኛል፣ ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ ሱሉልታ ላይ ጦር ውርወራ እንደምትሠራ፣ ትከሻህን ከኋላ በኩል እንደሚያምህ፣ አርፈህ ስትመለስም ሕመሙ እንደተነሳብህ ጽፈሃል። ማረፍህ ጥሩ ነው። ግን ዕረፍት ሕመም ያስታግሳል እንጂ ጡንቻ አያጠነክርም።

ጦሩ ከእጅህ ከወጣ በኋላ ክንድህን ፍሬን የሚይዙለት ከትከሻህ ጀርባ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። እነሱ ሳይጠነክሩ 800 ግራም ጦር በሙሉ ኃይል መወርወር ጉዳቱን መቀስቀስ ነው።

የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጠህ በር እጀታ ላይ እሰር። ክርንህን 90 ዲግሪ አጥፈህ ጎንህ ላይ አስጠጋ፤ በክርንህና በጎንህ መሃል የተጠቀለለ ፎጣ ያዝ። የከመነዳሪውን ሌላ ጫፍ ይዘህ እጅህን ወደ ውጭ ሳብ፣ ስትመልሰው ደግሞ በጣም ቀስ በል። ትልቁ ሥራ መመለሱ ላይ ነው። ፎጣው ከወደቀ ክርንህ ሸሽቷል ማለት ነው። 15 ጊዜ፣ 3 ዙር ይበቃል።

እግርና ወገብህንም አትርሳ። እነሱ ሲሰንፉ ሸክሙ በሙሉ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ስትመለስ በቀላል ኳስ ጀምር። ቀጥሎ ጦሩን ቆመህ፣ ከዚያ በጥቂት እርምጃ፣ ሙሉ ሩጫውን መጨረሻ ላይ። በማግስቱ ጠዋት ሕመሙ ከባሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለስ። የሱሉልታን የጠዋት ብርድ ታውቀዋለህ፤ ላብ ላብ ሳይልህ ጦር እንዳትነካ፣ አደራ።

ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስህ ከሆነ፣ ጣቶችህ ከደነዘዙ ወይም ክንድህ አልነሳ ካለ ግን ይሄን ሁሉ ተወውና ሐኪም ጋ ሂድ። አሠልጣኝህ «ቻለው» ቢልህም እንኳ።