«ለሻይ» ብዬ የሰጠሁት ብር ጉቦ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ባለፈው ወር ለአንድ ሰነድ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ሲስተም የለም»፣ «ፋይሉ ጠፍቷል»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እያሉ አመላለሱኝ። በመጨረሻ አንዱ ሠራተኛ «ለሻይ የምትሆን ነገር ጣል አድርጊ» አለኝ። ሰጠሁ። ፋይሉ ወዲያው ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሕሊናዬ እረፍት ነሳኝ። ባለቤቴ ግን «ይሄ ባህል ሆኗል፣ የትም አለ፣ አይጠፋም» ይለኛል። እውነቱን ነው? (ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ አዎ፣ ጉቦ ነው። ጥፋቱን ግን አንቺ ላይ አልቆልለውም፤ መብትሽን ይዘው ነው ያስከፈሉሽ። «አይጠፋም» በሚለው ግን ከባለቤትሽ ጋር አልስማማም። የሆንግ ኮንግን ታሪክ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እዚያም ጉቦን የሚጠሩት «የሻይ ገንዘብ» እያሉ ነበር።

በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሆንግ ኮንግ በእንግሊዞች ትተዳደር ነበር። ሆስፒታል የተኛ በሽተኛ አንድ ብርጭቆ ውሃ እንዲቀርብለት ለሠራተኛዋ ይከፍላል። ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው፣ እሳት አደጋዎቹ ውሃውን ከመልቀቃቸው በፊት ገንዘብ ይጠየቃል። ፖሊስ ቤት ደግሞ ጉቦን በአውቶቡስ ይመስሉት ነበር፦ ወይ ተሳፈር፣ ወይ ከጎኑ ሩጥ፣ ፊቱ ግን እንዳትቆም። የማይበላውም ሰው ዝም እንዲል ይፈለግ ነበር ማለት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የእኛ ተረት ትዝ ይለኛል።

በ1973 ፒተር ጎድበር የሚባል ከፍተኛ የፖሊስ መኮንን ከ4 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ ሀብት ተገኘበት። በሃያ ዓመት አገልግሎቱ ካገኘው ደመወዝ ስድስት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ምርመራው ሳያልቅ በፖሊስ መታወቂያው የአየር ማረፊያውን ቁጥጥር አልፎ ወደ እንግሊዝ ሸሸ። ሕዝቡ ተቆጣ፣ ወጣቶች «ጎድበርን ያዙ» እያሉ አደባባይ ወጡ። ልብ በይ፣ እስከዚያ ድረስ ሙስናን የሚመረምረው ክፍል እዚያው ፖሊስ ውስጥ ነበር። በፖሊስ ላይ አቤት የሚል ሰው አቤቱታውን የሚሰጠው ለፖሊስ ነው። ማን ይደፍራል?

በየካቲት 1974 ከፖሊስ ውጭ የሆነ፣ ተጠሪነቱ በቀጥታ ለአገረ ገዥው የሆነ ኮሚሽን ተቋቋመ። ጎድበርም በ1975 ተመልሶ መጥቶ አራት ዓመት ተፈረደበት። ኮሚሽኑ ግን ማሰር ላይ ብቻ አልቆመም። አንዱ ክፍል ይመረምራል፤ ሌላው በየመሥሪያ ቤቱ እየዞረ ጉቦ የሚገባበትን ቀዳዳ፣ ለምሳሌ ያለ ምክንያት የሚዘገየውን ፈቃድና በአንድ ሰው ፊርማ ላይ የተንጠለጠለውን ጉዳይ እየፈለገ ይደፍናል፤ ሦስተኛው ሰፈር ድረስ ወርዶ ሰዉን ያስተምራል። ለእኔ ትልቁ ሥራ የሁለተኛው ነው። ያንቺን ፋይል «የጠፋ» ማድረግ የሚችል ሰው ባይኖር ሻዩም ባልተጠየቀ ነበር።

ነገሩ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1977 ፖሊሶች አመፁ፣ የኮሚሽኑን ቢሮ ጥሰው ገቡ፣ አገረ ገዥውም ከዚያ ዓመት በፊት ለተሠሩት አብዛኞቹ ጥፋቶች ምሕረት ለማድረግ ተገደደ። ያ ምሕረት ዛሬም ያናድደኛል። ግን ኮሚሽኑ አልፈረሰም፣ ከተማዋም ዛሬ ሌላ ከተማ ናት። ባህል የተባለው ነገር በአንድ ትውልድ ተለወጠ።

አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? መጀመሪያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር እይው፤ አገልግሎቱ ስንት ቀን እንደሚወስድና ስንት እንደሚያስከፍል ይናገራል። ከዚያ ውጭ ሲጠይቁሽ «ደረሰኝ አለው?» በይ። ቀኑን፣ የመስኮቱን ቁጥርና የተባልሽውን ቃል ማታውኑ ጻፊው። ጥቆማሽን እዚያው ቢሮ ላለው የሥነ ምግባር ክፍል ብቻ አትስጪ፣ ከሆንግ ኮንግ ፖሊስ የተማርነው ይሄንኑ ነው፤ ለሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽንም አድርሺ። ጠቋሚንና ምስክርን የሚጠብቅ አዋጅ አለን፣ ቁጥር 699/2003 (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)። ወረቀት ላይ ያለ ሕግ ብቻውን ፍርሃትን እንደማያስወግድ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ከተቻለ እንዳንቺ የተጉላሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ሆናችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ እዚህ ሙኒክ ባልደረቦቼ ሙስና የአፍሪካ በሽታ ነው ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው? (አንባቢያችሁ፣ ከጀርመን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከዚያው ከሙኒክ ጀምርላቸው። መቀመጫው እዚያው የሆነው ትልቁ ኩባንያ ሲመንስ በ2006 ቢሮዎቹ ተፈተሹ፣ በተለያዩ አገሮች ውል ለማግኘት ለዓመታት ጉቦ ሲከፍል እንደኖረ ወጣ፣ በ2008 ለአሜሪካና ለጀርመን በድምሩ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ። ሠራተኞች ከኩባንያው ካዝና በሻንጣ ጥሬ ገንዘብ ይዘው ይወጡ ነበር። ይባስ ብሎ፣ ጀርመን ውስጥ ለውጭ አገር ባለሥልጣን የተከፈለ ጉቦ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ እንደ ወጪ ተቆጥሮ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ይቀነስ ነበር። የእኛ ባለሥልጣን እጁን ሲዘረጋ ከወዲያ ማዶ የሚያጎርሰውም አለ፣ ሁለቱም መጠየቅ አለባቸው። ባልደረቦችህ ካላመኑህ የግብሩን ሕግ ራሳቸው ይፈልጉት፣ በቋንቋቸው ተጽፎ ያገኙታል።