በትናንሽ ደሴቶች የውኃ አስተዳደር ላይ ለመሥራት ከጎንደር እንዴት ልዘጋጅ?

ውድ ጠያቂ፣

በጎንደር የውኃ ሀብት ምሕንድስና ተመራቂ ተማሪ መሆንዎን ገልጸው፣ የትናንሽ ደሴቶች ነዋሪዎች ውኃቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ በማሠልጠን ሥራ መሰማራት ይቻልዎ እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል፤ ነገር ግን ትኩረትዎ ከግድብ ንድፍ ይልቅ ወደ ልኬትና ማስተማር መዞር አለበት።

በፓስፊክ ውቅያኖስ እንደምትገኘው እንደ ቱቫሉ ባሉ ዝቅተኛ የኮራል ደሴቶች ወንዝ የለም። ሕዝቡ የሚተማመነው ከጣሪያ በሚጠራቀም ዝናብና፣ ከመሬት በታች በጨዋማው ውኃ ላይ በተንሳፈፈ ስስ ጨው አልባ ውኃ ላይ ነው። በተለመደው ስሌት መሠረት የዚህ ውኃ ገጽ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ቢል፣ ጨዋማው ከሥር እስከ 4 ሜትር ሊነሣ ይችላል። በቱቫሉ ዋና ከተማ በፉናፉቲ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2011 ዝናቡ ለወራት በመጥፋቱ መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለማወጅ ተገዷል። እንዲህ ባለ ቦታ በሮቶው ውስጥ ለስንት ቀን የሚበቃ ውኃ እንደቀረ በየሳምንቱ የሚያውቅ ሰው መኖሩ ወሳኝ ነው።

ልምምዱን እዚሁ ይጀምሩ። 50 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,000 ሊትር ይሆናል፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 800 ሊትር ይቀራል፤ ይህም እያንዳንዱ ሰው በቀን 20 ሊትር ለሚጠቀምበት ባለ ስድስት ሰው ቤተሰብ ሳምንት አይሞላም። ይህን ስሌት ፊደል ላልቆጠረች እናት በሮቶው ላይ በተሰመረ ምልክት ማስረዳት፣ አሸንዳ ማጽዳትንና ጣሪያውን የሚያጥበውን የመጀመሪያ ዝናብ ማፍሰስን ማስለመድ ከቻሉ፣ የሥራውን እምብርት ይዘዋል ማለት ነው።

ለመስክ ልምድ የከተማውን ውኃ አገልግሎት ጠይቀው በደለል በተጠቃው በአንገረብ ግድብ ላይ ቢለማመዱ እመክራለሁ። የመንገዱን ሁኔታ አስቀድመው ካረጋገጡ በኋላ፣ ወደ ጣና ደሴቶች መሻገርም ይጠቅምዎታል፤ በዚያ ያለው ችግር የውኃው ንጽሕና እንጂ ጨው ስላልሆነ፣ የጨዋማነት ልኬትን በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ይለማመዱ።

ሥራ ሲፈልጉ ከፓስፊክ በፊት በሕንድ ውቅያኖስ ወዳለችው ደሴታማ አገር ወደ ኮሞሮስ ቢመለከቱ ይሻላል፤ በትልቁ ደሴት በንጋዚጃ ቋሚ ወንዝ ስለሌለ ብዙዎች የሚጠቀሙት የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ነው። ፈረንሳይኛ ከአገሪቱ የሥራ ቋንቋዎች አንዱ በመሆኑ ትምህርቱን ከምረቃ በፊት ይጀምሩት። ከማመልከቻዎ ጋርም የአንድ ክረምት የዝናብና የሮቶ ልኬት መዝገብዎን ያያይዙ።